እገታ በፊልም፦ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠሩ የቴሌቪዥን ፊልሞች ምን ያሳያሉ፣ ምን ያስቀራሉ?

ባሕር ዳር፦ እውነተኛ የእገታ ድርጊቶችን መነሻ አድርገው በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠሩ ልብ አንጠልጣይ የቴሌቪዥን ፊልሞች ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ዕድሜ አስቆጥረዋል። በሳተላይት ጣቢያ፣ በወረዳ ከተማ ቪዲዮ ቤት፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ወደ እኛም ዘልቀዋል። ለአማራ ክልል ተመልካች ግን እገታ የመዝናኛ ርእስ ብቻ አይደለም። ከመንገድ የቀረ ተማሪ እና ለማስለቀቂያ ተብሎ የተሸጠ በሬ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” የሚል ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ሲወጣ፣ ጽሑፉ ምን ያህል እውነት እንደሚሸከም ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ማብራሪያ የዘርፉን አሠራር፣ ታዋቂ ምሳሌዎቹን እና በሀገራችን ያስነሣቸውን ጥያቄዎች ያቀርባል።

እገታ፣ ጠለፋ እና አፈና

የገጠር ሰው “አገተ” የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚያውቀው በከብት ነው። የሰው ማሳ ገብቶ ሰብል የበላ ከብት ባለቤቱ ካሳ እስኪከፍል ወይም ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ ይታገታል። የቃሉ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይታያል፤ አጋቹ የሚፈልገው ከብቱን ሳይሆን ከባለቤቱ የሚያገኘውን ነው። ሰው ሲታገትም ታጋቹ መያዣ ይሆናል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ለቤተሰብ፣ ለኩባንያ ወይም ለመንግሥት ነው።

“ጠለፋ” በአማርኛ ሁለት ዋና አገልግሎት አለው። አንዱ ሴት ልጅን ለጋብቻ አስገድዶ መውሰድ ሲሆን፣ ሌላው አውሮፕላንን በኃይል ከመንገዱ ማስቀየር ነው። “አፈና” ደግሞ ሰውን ድምፁን አጥፍቶ መውሰድን ያመለክታል፤ የገንዘብም ሆነ የሌላ ጥያቄ ላይከተለው ይችላል። በተግባር ሦስቱ ሊደራረቡ ይችላሉ። የተጠለፈ አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ታጋቾች ናቸው፤ የታፈነ ሰውም ዘመዶቹ ስልክ ከተደወለላቸው ጊዜ ጀምሮ ታጋች ይሆናል።

ፊልም ሠሪዎች ከሌሎች ወንጀሎች ይልቅ እገታን የሚመርጡበት ምክንያት ከዚሁ ይነሣል። ግድያም ሆነ ዝርፊያ በቅጽበት ያልቃል፤ እገታ ግን ይቆያል። የጊዜ ገደብ አለው፣ ድርድር አለው፣ መጨረሻውም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አይታወቅም። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚፈልገው ይህን ነው፤ ታሪኩ ራሱ ጭንቀቱን ይዞ ስለሚመጣ ጸሐፊው ብዙ መፍጠር አያስፈልገውም።

አንድ ክፍል፣ ጥቂት ተዋንያን፣ አንድ ስልክ

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የጦርነት ፊልም ሠራዊት፣ የታሪክ ፊልም ቤተ መንግሥትና አልባሳት ይጠይቃል። የእገታ ፊልም ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የባንክ አዳራሽ፣ የአውሮፕላን ወንበሮች፣ የተዘጋ መጋዘን ወይም የአንድ ገበሬ ጎተራ ይበቃል። ከክፍሉ ውጭ ያለው ዓለም በስልክ ጥሪ ይወከላል። ብዙ ወታደር ማሳየት ሲያስፈልግ ከዜና ማኅደር የተወሰደ ምስል ይገባል።

ይህ አሠራር በስፋት የዳበረው በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነው። እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ጣቢያዎቹ በሳምንት የተወሰኑ ምሽቶችን ለራሳቸው ፊልሞች መድበው ነበር። አንድ ፊልም ማስታወቂያን ጨምሮ የሁለት ሰዓት ጊዜ ይሞላል፤ ቀረጻው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይጠናቀቃል። ተመልካች በማስታወቂያ መሐል ጣቢያ እንዳይቀይር እያንዳንዱ ክፍል በጭንቀት ጫፍ ላይ እንዲቆም ይጻፋል። ስለዚህ ስልኩ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፣ መሣሪያ ይደቀናል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል። እውነተኛው እገታ ግን በዚህ ልክ አይሄድም። አብዛኛው ጊዜ ምንም የማይሆንበት፣ ቤተሰብ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያድርበት ነው።

የባለታሪኮች ጉዳይም አለ። አምራቾች ታሪኩ የደረሰበትን ሰው በውል አስፈቅደውና ከፍለው ታሪኩን ይገዛሉ። ሰውየው ፈቃደኛ ካልሆነ ወይም ገንዘቡ ከሌለ ስም ይለወጣል፤ የሁለት ሦስት ሰዎች ታሪክም በአንድ ገጸ ባሕርይ ይጠቃለላል። በዚህም ምክንያት በፊልሙ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሰው ዘወትር ብዙ የሠራው ሰው ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ታሪኩን ለመሸጥ የተስማማው ሰው ነው።

እንቴቤ፦ አንድ እገታ፣ ሁለት የቴሌቪዥን ፊልሞች

የዘርፉ ታዋቂ ምሳሌ የተፈጸመው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ ሰኔ 27 ቀን 1976 ከቴል አቪቭ ተነሥቶ በአቴንስ በኩል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ተጠለፈ። ሁለት ፍልስጥኤማውያንና ሁለት ጀርመናውያን ጠላፊዎች 248 ተሳፋሪዎችንና 12 የበረራ ሠራተኞችን ይዘው በሊቢያዋ ቤንጋዚ በኩል ኢዲ አሚን ወደሚገዛት ዩጋንዳ፣ እንቴቤ አየር ማረፊያ ወሰዷቸው። ጥያቄያቸው በእስራኤልና በሌሎች ሀገሮች የታሰሩ ሰዎች እንዲፈቱ ነበር። ከእስራኤላውያን ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች በሁለት ዙር ተለቀቁ። ሐምሌ 3 ለ 4 አጥቢያ የእስራኤል ኮማንዶዎች በሌሊት አርፈው 102 ሰዎችን አስለቀቁ። በተኩሱ መካከል ሦስት ታጋቾችና አንድ የኮማንዶ አዛዥ ሞቱ፤ ካምፓላ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ አንዲት አረጋዊት ታጋችም በኋላ ተገደሉ።

የአሜሪካ ጣቢያዎች እሽቅድምድም ወዲያው ተጀመረ። ኤቢሲ “ድል በእንቴቤ” የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም ታኅሣሥ 13 ቀን 1976 አስተላለፈ፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ኤንቢሲ ተፎካካሪውን “ወረራ በእንቴቤ” ጥር 9 ቀን 1977 አቀረበ። የመጀመሪያው ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል በፊልም ፋንታ በቪዲዮ ቴፕ፣ በስቱዲዮ ውስጥ ተቀረጸ። ኢዲ አሚንን ይጫወት የነበረው ጎድፍሬይ ካምብሪጅ በቀረጻ ላይ ሳለ ሞቶ በሌላ ተዋናይ ተተካ፤ ያም ሆኖ ፊልሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለአየር በቃ። አንቶኒ ሆፕኪንስን እና ኤልዛቤት ቴይለርን የመሳሰሉ ታላላቅ ተዋንያን ቢሰበሰቡበትም፣ የስቱዲዮው ግድግዳ የአፍሪካ አየር ማረፊያ ሊመስል አልቻለም።

ከገንዘቡ በላይ ግን መታየት ያለበት የተተወው ነገር ነው። ሁለቱም ፊልሞች የሚጠናቀቁት የተረፉት ሲመለሱ በሚሰማ ደስታ ነው። ከወረራው በኋላ በዩጋንዳ ይኖሩ የነበሩ ኬንያውያን፣ ሀገራቸው ለኮማንዶዎቹ አውሮፕላን ነዳጅ መቅጃ ፈቅዳለች በሚል በብቀላ ተገድለዋል። በዚያች ሌሊት የሞቱት የዩጋንዳ ወታደሮችም ቤተሰብ ነበራቸው። ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ይህ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው፤ ለአሜሪካ የምሽት ተመልካች ግን ከታሪኩ መጨረሻ በኋላ የመጣ ነገር ነበር።

ከበባው ሳያልቅ የተጻፈ ፊልም

ችኮላው ከዚህም ሊብስ ይችላል። እ.ኤ.አ የካቲት 28 ቀን 1993 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዌኮ ከተማ አቅራቢያ የመንግሥት ታጣቂዎች የአንድ ሃይማኖታዊ ቡድን መኖሪያን ለመፈተሽ ሄደው ተኩስ ተከፈተ። ከበባው 51 ቀን ቆየ። ኤንቢሲ በጉዳዩ ላይ ፊልም ማዘጋጀት የጀመረው ከበባው ገና ሳያልቅ ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን መኖሪያው በእሳት ተቃጥሎ ሕፃናትን ጨምሮ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ፊልሙ ግንቦት 23 ቀን፣ ከእሳቱ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተላለፈ።

ጽሑፉ አስቀድሞ ያለቀ ስለነበር ፊልሙ የሚቆመው በመጀመሪያው ቀን ተኩስ ላይ ነው። በእነዚያ 51 ቀናት ውስጥ ምን እንደተነጋገሩ፣ ማን እንደተሳሳተ፣ ሕፃናቱን ማውጣት ይቻል እንደነበር ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም። በአሜሪካ ምክር ቤትና በፍርድ ቤት ለዓመታት ያከራከረው ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

የገበሬ ከተማዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ

ለእኛ አካባቢ ተመልካች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከካሊፎርኒያ ይገኛል። ቻውቺላ በእርሻ የምትተዳደር ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ ሐምሌ 15 ቀን 1976 ሦስት የታጠቁ ወጣቶች 26 ተማሪዎችን የያዘ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አስቁመው ልጆቹንና ሾፌሩን ወሰዷቸው። ከረጅም ጉዞ በኋላ በአንድ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ አስቀድሞ በተቀበረ የጭነት መኪና አካል ውስጥ አስገቧቸው። አጋቾቹ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመጠየቅ አስበው ነበር፤ ነገር ግን የተጨነቁ ወላጆችና ጋዜጠኞች የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ አጨናንቀውት ስለነበር ጥያቄያቸውን እንኳ ማድረስ አልቻሉም። ታጋቾቹ ከመሬት በታች 16 ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ፍራሾችን ደራርበው ወደ ጣሪያው በመውጣት ክዳኑን ከነተጫነበት ክብደት ገፍተው ራሳቸው ወጡ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

ኤቢሲ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ በ1993 ወደ ቴሌቪዥን ፊልም ለወጠው። ታዋቂው ካርል ማልደን ሾፌሩን ሆኖ ተጫወተ። ታሪኩ በአውቶቡስ፣ በጨለማ ሣጥንና በወላጆች መሰብሰቢያ ሊነገር ስለሚችል ለአነስተኛ ገንዘብ የተመቸ ነበር። ልጆቹ አድገው ራሳቸው መናገር ሲጀምሩ ግን፣ ከጉድጓዱ ለመውጣት በተደረገው ትግል ከመካከላቸው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ገለጹ። ለብዙ ዓመታት ምስጋናው በአብዛኛው ለሾፌሩ ሲሰጥ ኖሯል።

ከዚህ የሚከብደው የቀጣዩ ዘመን ታሪክ ነው። ሌኖር ቴር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም የቻውቺላን ልጆች ከእገታው በኋላ አነጋግረው፣ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ቆይተው እንደገና መረመሯቸው። አንድም ልጅ ሳይነካ እንዳልቀረ አረጋገጡ። ቅዠት፣ ጨለማን መፍራት፣ መኪና ላይ መውጣት መፍራት፣ ረጅም ዕድሜ አልኖርም ብሎ ማሰብ ታይቶባቸዋል። ፊልሙ በእናትና በልጅ መተቃቀፍ ሲያልቅ ለልጆቹ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። የቻውቺላ ጥናት ልጆች ከእንዲህ ያለ ድንጋጤ በኋላ ምን እንደሚደርስባቸው ለማወቅ ዛሬም የሚጠቀስ ሥራ ነው። ከእገታ የተመለሰ ልጅ ያለው ወላጅ ከፊልሙ ይልቅ ከጥናቱ ይማራል፦ ልጁ ዝም ማለቱ መዳኑን አያሳይም።

“ድፍረት”፦ የባለታሪኳ ፈቃድ ጥያቄ

በሀገራችን እውነተኛ ታሪክን ይዞ ስሙ በዓለም የተጠራው ፊልም “ድፍረት” ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይሆን ለሲኒማ የተሠራ ሲሆን፣ የሚያነሣው ጉዳይም ለገንዘብ የሚፈጸም እገታ ሳይሆን ለጋብቻ የሚፈጸም ጠለፋ ነው። ነገር ግን የእውነተኛ ታሪክ ፊልም ሊገጥመው የሚችለውን ዋና ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የኢትዮጵያ ሥራ የለም።

ታሪኩ እ.ኤ.አ በ1996 በአርሲ የተፈጸመ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም የጠለፋትን ሰው በጠመንጃ ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። የማኅበሩ መሥራች መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ያዙ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው በማለት በነጻ አሰናበታት። መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከክስ ነጻ የሚወጣበትን መንገድ ይሰጥ ነበር። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቷል። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለጋብቻ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ፊልም በ2006 ዓ.ም በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። አንጀሊና ጆሊ ከአምራቾቹ አንዷ ሆና ስሟን ሰጠችው። የፊልሙ ስም በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ ደፋርነት ማለት ነው፣ መደፈርንም ያስታውሳል።

በ2006 ዓ.ም ነሐሴ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ለምረቃ የተሰበሰበው ተመልካች ግን ፊልሙን ሳያይ ተመለሰ። ፊልሙ ሊጀመር ሲል የፍርድ ቤት እገዳ ደረሰ። እገዳውን ያስወጣችው ወገን ባለታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ክርክሩም የሕይወት ታሪኳ ያለ እርሷ ፈቃድ ስለ መወሰዱ ነበር። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ በሀገር ውስጥ ታይቷል። ጉዳዩ ያስተማረው ነገር ግን ቀርቷል። ስም መለወጥ ብቻውን ባለታሪክን አይሸሽግም፤ መንደሩ፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ፊልሙ በፍርድ ቤት ድል ያልቃል፤ እርሷ ግን ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ በቀዬዋ መኖር አልቻለችም ነበር።

በረራ 961፦ ደጋግሞ ማሳየት ሲጠቅም

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ እውነተኛ እገታን በፊልም ማሳየት ጎጂ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዳቸውም አላመኑትም። ነዳጁ ካለቀ በኋላ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴቶች ባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ ለማሳረፍ ሞከረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ከሞቱት አንዱ የ1977ቱን ድርቅ በኮረም በካሜራው ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር።

ይህ አደጋ የአየር አደጋዎችን በሚመረምር የካናዳ የቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት በተዋንያን ታይቷል። አሠራሩ ከእገታ ፊልም ጋር አንድ ነው፤ የአብራሪ ክፍል ቅርጽ፣ ጥቂት ተዋንያን፣ ጥቂት ወንበሮች ናቸው። ልዩነቱ ዝግጅቱ በምርመራ መዝገብና በተረፉ ሰዎች ቃል ላይ መቆሙ ነው። ተመልካቹም ሕይወት የሚያድን እውቀት ይዞ ይሄዳል፦ ብዙ ተሳፋሪዎች የሞቱት የነፍስ አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው፣ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተገፍተው መውጫ በማጣታቸው ነው። ጃኬት የሚነፋው ከአውሮፕላኑ ከተወጣ በኋላ ነው። ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አላስፈለገም።

ከጣና ዳር የተነሣ የእገታ ታሪክ

ፊልም ሊሠራበት የሚችል የቆየ የእገታ ታሪክ ፈልጎ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሩንን እና ሌሎች አውሮፓውያንን አሠሩ። እነርሱን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝ ራሳም እ.ኤ.አ በ1866 መጀመሪያ ደርሶ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው ቆራጣ ተቀመጠ። ከመቅደላ የተለቀቁት እስረኞችም ወደ ቆራጣ መጡ። ነገሩ ያለቀ ሲመስል በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ በሰፈሩበት ጊዜ ሁሉም እንደገና ተያዙ። ከዚያ በጋፋትና በደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ ተወሰዱ። መጨረሻው ይታወቃል፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ፣ እስረኞቹ ተለቀቁ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አሳለፉ።

ዛሬ ጎብኝዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ የሚያደርሰው ጉዞ ይህን ታሪክ የሚያቋርጥ ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ነገሩን የታጋቾች መከራ አድርገው ጽፈውታል። በአማርኛ ልብ ወለድና ቴአትር ደግሞ ታሪኩ የተናቀ ንጉሥ ቁጣና የሀገር ክብር ሆኖ ኖሯል። ሁለቱም አንድ ክፍል ብቻ ያበራሉ። በዚያ መካከል ጦሩን የቀለበው ገበሬ፣ ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ፣ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው የሞተው ልዑል ዓለማየሁ አሉ። ልጁ ራሱ ታጋች ይባል እንደሆነ ማን ይወስናል? አነስተኛ ገንዘብ ያለው ፊልም ሠሪ ይህን ታሪክ ለመንገር የናፒየርን ሠራዊት ማሳየት አይጠበቅበትም። በቆራጣ አንዲት ጎጆ ውስጥ መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ይበቁታል።

ዛሬ ለሚሠራ እና ለሚያይ

የዘጌው ታሪክ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሲነገር የሚጎዳ ሰው የለም። የቅርቡ እገታ ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ቤተሰቦች ለዓመታት መልስ ሲጠይቁ ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በሰሜን ሸዋ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ተወስደዋል። እንደ እነዚህ ባሉ ድርጊቶች ውስጥ ያለፉ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን ይኖራሉ፤ ያልተመለሰ ሰው የሚጠብቁም አሉ።

በፔዳ ግቢ አካባቢም ሆነ በወረዳ ከተሞች በእጅ ስልክና በአንድ ካሜራ ፊልም ለመሥራት የሚጥሩ ወጣቶች እነዚህን ታሪኮች ለመንገር ቢነሡ አይገርምም፤ መንገርም ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች ግን አራት ጥንቃቄዎችን ያመለክታሉ።

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ባለታሪኩ ወይም ቤተሰቡ ፊልሙ ሲመረቅ ሳይሆን ጽሑፉ ሲጀመር ሊጠየቁ ይገባል። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፤ “አይሆንም” ያለ ሰው ታሪክ በተለወጠ ስም አይወሰድ። ለሕፃን ታጋች የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ አድጎ ራሱን በፊልሙ ሲያይ ምን ይሰማዋል የሚለው መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ታጋች ገና ባልተመለሰበት ጉዳይ ላይ የሚሠራ ፊልም ድርድርን ሊያበላሽ፣ ዘመድን ሊያሳስት ይችላል። የዌኮው ፊልም እንዳሳየው የታሪኩን መጨረሻ ሳያውቁ መሥራት ዋናውን ነገር ያስቀራል።

ሦስተኛው ዝርዝር ነው። የማስለቀቂያ ገንዘብ በምን መንገድ እንደሚላክ፣ የትኛው የመንገድ ጠመዝማዛ እንደሚመች፣ ስልክ እንዴት እንደሚሰወር የሚያሳይ ትዕይንት ለታሪኩ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ለአጋች የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው። ጭንቀቱን በተደራዳሪው ፊትና በእናቲቱ ዝምታ ማሳየት ይቻላል፤ ወጪውም ያንሳል።

አራተኛው ከመመለስ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በሬውን ሸጦ ልጁን ያስለቀቀ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት በምን ያርሳል? ከአራጣ አበዳሪ የተበደረው እንዴት ይከፍላል? የተመለሰችው ተማሪ እንደገና አውቶቡስ ላይ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል? የቻውቺላና የአርሲ ታሪኮች እንዳሳዩት የእውነተኛው ታሪክ ረጅሙ ክፍል ይህ ነው። ለመቅረጽም አንድ ቤትና ሁለት ተዋንያን ይበቃሉ።

ተመልካችም የራሱ ድርሻ አለው። “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” ማለት ዋናው ድርጊት ተፈጽሟል ማለት እንጂ የተባለው ቃል ሁሉ ተነግሯል ማለት አይደለም። “ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ” የሚለው ደግሞ ከዚያም የላላ ነው፤ ከእውነቱ የቀረው ሐሳቡ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ሲያልቅ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ታሪኩን የነገረው ማን እንደሆነና ዝም የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ፣ ከልጆች ጋር ታይቶ ከሆነም መወያየት ይገባል። ከእገታ የተመለሰ ሰው ባለበት ቤት ወይም ሰፈር እንዲህ ያለ ፊልም ከመክፈት በፊት እርሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማየት ካልፈለገ ሌላ ጣቢያ መቀየር ቀላል ነው።